ያልታየው በሽታ፣ የማይጠብቀው ይርጋ

እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ ላቨርን ዊልኪንሰን የተባለች የኒውዮርክ ነዋሪ ደረቷን አሟት ብሩክሊን በሚገኘው ኪንግስ ካውንቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገባች። ራጅ ተነሣች። ራጁ በቀኝ ሳንባዋ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን አጠራጣሪ ነገር አሳየ። ይህ ግን ለእርሷ አልተነገራትም። ደህና ነሽ ተብላ፣ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በ2012 አልለቅ ያላት ሳል ወደ ሕክምና መለሳት። በዚህ ጊዜ ካንሰሩ ሁለቱንም ሳንባዎቿን አዳርሶ፣ ወደ ጉበቷ፣ ወደ አንጎሏና ወደ አከርካሪዋ ተዛምቶ ነበር። የመጀመሪያው ራጅ ምን አሳይቶ እንደነበር የተረዳችው ያን ጊዜ ነው። ወደ ሕግ ስትዞር ደግሞ ሌላ መርዶ ጠበቃት። በወቅቱ የኒውዮርክ ሕግ የሕዝብ ሆስፒታልን በሕክምና ስህተት ለመክሰስ የሚሰጠው 15 ወር ብቻ ነበር። ቆጠራው የሚጀምረውም ታካሚው ስህተቱን ካወቀበት ቀን ሳይሆን ስህተቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው። ላቨርን መበደሏን ባወቀች ጊዜ የመክሰሻው ጊዜ ካለቀ አንድ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። በማርች 2013፣ በ41 ዓመቷ፣ ዕድሜ ልኳን የሰው እገዛ የሚያሻትን የ15 ዓመት ልጇን ትታ አረፈች።

በሽታው በጊዜው ሳይታወቅ ቀርቶ የቤተሰብ አባል የተጎዳባቸው ወይም የሞተባቸው ሰዎች ኀዘኑ ጋብ ሲል አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ «እንክሰስ ወይስ እንተወው?» የሚል። መልሱ የሚገኘው በኀዘኑ ክብደት ወይም በሐኪሙ ማንነት ላይ አይደለም። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት ከሞላ ጎደል ሦስት ነገር ነው። ሐኪሙ ወይም ሆስፒታሉ የሙያ ጥፋት ፈጽሟል ወይ? ጉዳቱን ያመጣው ያ ጥፋት ነው ወይ? ክሱስ በይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ በሚሰጠው ጊዜ ውስጥ ቀርቧል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ክሱ ይወድቃል።

የተለመደ ስህተት፣ ጥቂት ክስ

የምርመራ ስህተት ጥቂት ዕድለ ቢሶችን ብቻ የሚያገኝ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሪፖርት አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ወይም የዘገየ ምርመራ እንደሚያጋጥመው ገልጸዋል። በ2023 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ በአሜሪካ በየዓመቱ 795,000 ያህል ሰዎች በምርመራ ስህተት ምክንያት እንደሚሞቱ ወይም ለዘለቄታው አካል ጉዳተኛ እንደሚሆኑ ገምቷል። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከሦስት የበሽታ ዓይነቶች ነው፤ እንደ ስትሮክ ካሉ የደም ሥር በሽታዎች፣ እንደ ሴፕሲስ ካሉ ኢንፌክሽኖችና ከካንሰር። የዓለም ጤና ድርጅትም የ2024ን የታካሚዎች ደኅንነት ቀን ያዋለው ለዚሁ ለምርመራ ጉዳይ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የችግሩ መልክ ለየት ይላል። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው በአንዲት የደም ምርመራ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ለዚህ የሚያገለግለው የዊዳል ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ እንዳልሆነ ግን በሙያው የታወቀ ነው። የላይኛው ሆድ ሕመም «ጨጓራ ነው» ሲባል ከጀርባው ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም የሐሞት ጠጠር ሊኖር ይችላል። ለወራት በሳል መድኃኒት የቆየ ሰው በመጨረሻ ሳንባ ነቀርሳ ይገኝበታል። ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይና የፓቶሎጂ ባለሙያ በትልልቅ ከተሞች በተከማቹበት አገር፣ በሽታ ሳይታወቅ የሚቀረው አንዳንዴ በሐኪሙ ስንፍና ሳይሆን መሣሪያው በአካባቢው ስለሌለ ነው።

ቢሆንም ወደ ክስ የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ «ዕድሜው ይህችው ነበረች» ብሎ መቀበል የተለመደ ነው። ነገሩ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። በ1991 የታተመው የሃርቫርድ ጥናት የኒውዮርክ ሆስፒታሎችን ካርዶች ፈትሾ በቸልተኝነት ከተጎዱት ታካሚዎች መካከል የከሰሱት እጅግ ጥቂቶቹ እንደሆኑ አሳይቷል።

ስህተት ሁሉ ጥፋት አይደለም

ብዙ ቤተሰቦችን የሚያስደነግጠው የመጀመሪያው የሕግ እውነት ሐኪም ተሳስቶም ጥፋተኛ ላይባል መቻሉ ነው። በሽታዎች ሲጀምሩ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ማጅራት ገትር በመጀመሪያው ቀን ጉንፋን ሊመስል ይችላል፤ ሐኪሙም የሚፈረደው ያን ቀን በፊቱ በነበረው ምልክት እንጂ ከሳምንት በኋላ በታወቀው ነገር አይደለም። ፍርድ ቤት የሚመዝነው የመጨረሻውን ውጤት ሳይሆን አሠራሩን ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለ ጠንቃቃ ባለሙያ የሕመሙን ታሪክ ይጠይቅ ነበር ወይ? አስፈላጊውን ምርመራ ያዝዝ ነበር ወይ? ውጤቱን ይከታተል ነበር ወይ? ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር ይጽፍ ነበር ወይ?

በእንግሊዝ ይህ መለኪያ በ1957 በተወሰነው የቦላም ጉዳይ ጸና። ሐኪሙ ያደረገው ነገር ኃላፊነት የሚሰማቸው የሙያ ባልደረቦቹ ትክክል ነው የሚሉት ከሆነ ጥፋተኛ አይባልም። በ1997 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቦሊቶ ጉዳይ አንድ ገደብ ጨመረ። የባልደረቦች ድጋፍ ብቻውን በቂ አይደለም፤ አሠራሩ ሲመረመርም በምክንያት የሚቆም መሆን አለበት።

ከዚህ ርቆ የሄደው የአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። አንዲት ሴት ከ1959 ጀምሮ ሩቅ አጥርቶ ባለማየት ችግር የዐይን ሐኪሞችን ትመላለስ ነበር። ሐኪሞቹ የዐይኗን ግፊት የለኩት በ1968 ሲሆን፣ በ32 ዓመቷ ግላኮማ እንዳለባት ያን ጊዜ ታወቀ። የእይታዋ ዳርቻ በእጅጉ ተጎድቶ ነበር። ሐኪሞቹ ከ40 ዓመት በታች ያለን ሰው ግፊት መለካት የሙያው ልማድ አይደለም ብለው ተከራከሩ። በእርግጥም በዚያ ዕድሜ በሽታው የሚይዘው ከ25,000 ሰው አንዱን ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1974 ክርክሩን አልተቀበለም። ምርመራው ቀላል፣ ርካሽና ጉዳት የሌለው ነው፤ በሽታው ግን ዐይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ሙያው ሁሉ ቢተወው እንኳ መተዉ ጥፋት ነው አለ። ውሳኔው ከዚያ ወዲህ በሐኪሞችና በሕግ ባለሙያዎች መካከል ሲያከራክር ኖሯል፤ ሌሎች ፍርድ ቤቶችም በስፋት አልተከተሉትም። አስተሳሰቡ ግን ለሚያመነታ ቤተሰብ ጥሩ መመርመሪያ ነው። የቀረው ምርመራ ምን ያህል ቀላል ነበር? መቅረቱስ ምን ያህል አደገኛ?

በልምድ ለመክሰስ የሚያመቹት ጉዳዮች ሐኪሙ በሽታውን ጨርሶ ያላሰበባቸው አይደሉም። ይልቁንም ማስረጃው ተገኝቶ በመሀል የጠፋባቸው ናቸው፤ ላቦራቶሪ ውጤቱን ጽፎ ማንም ሳያነበው የቀረበት፣ የራጅ ሪፖርቱ «ክትትል ያስፈልገዋል» እያለ ታካሚው ሳይጠራ የቀረበት፣ የባዮፕሲው መልስ ካርድ ክፍል ተቀምጦ የከረመበት። እንዲህ ባለው ጉዳይ ክርክሩ በሐኪሙ ግምት ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ይሆናል።

የከበደው ጥያቄ፦ ቢታወቅስ ይተርፍ ነበር?

ጥፋቱ ቢረጋገጥም ክሱ ገና አልቀናም። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ብዙ እውነተኛ በደል የደረሰባቸውን ሰዎች ባዶ እጃቸውን የመለሰ ነው።

በ1966 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ጠዋት ለንደን ውስጥ ሦስት የሌሊት ዘበኞች ሻይ ጠጥተው ማስታወክ ጀመሩ። ሆስፒታል ሄዱ። ነርሷ ለተረኛው ሐኪም ስልክ ደወለች፤ እርሱም ራሱን አሞት ስለነበር ሳያያቸው ወደ ቤታቸው ሄደው እንዲተኙና የየራሳቸውን ሐኪም እንዲጠሩ መከረ። ከሦስቱ አንዱ ያኑ ቀን ሞተ። ሻዩ ውስጥ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ነበረበት። ሚስቱ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ሐኪሙ ታካሚውን አለማየቱ ጥፋት መሆኑን ተቀበለ። ነገር ግን ቢያየውም መርዙ ታውቆ ማርከሻው እስኪሰጥ ድረስ ሰውየው መሞቱ አይቀርም ነበር ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ጥፋት ነበር፤ ሞትም ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ግን አልተገኘም።

በካንሰር ጉዳይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1994 አንድ እንግሊዛዊ በብብቱ ሥር የወጣ እብጠት ለሐኪሙ አሳየ። ሐኪሙ የስብ ክምችት ነው፣ አያሰጋም አለው። በኋላ ሌላ ሐኪም ወደ ሆስፒታል ላከውና ሊምፎማ የተባለ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሕክምናው በዘጠኝ ወር ዘግይቷል። ፍርድ ቤቱ በቀረበለት የባለሙያ ስሌት መሠረት የመዳን ዕድሉ ከ42 በመቶ ወደ 25 በመቶ ወርዷል። የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች በ2005 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ክሱን አልተቀበሉም። ምክንያታቸው ሰውየው በጊዜው ቢታከምም የመዳን ዕድሉ ከግማሽ በታች ስለነበር መዘግየቱ መዳንን አሳጣው ሊባል አይችልም የሚል ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1983፣ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። የሳንባ ካንሰሩ ዘግይቶ የታወቀ ታካሚ የአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ከ39 በመቶ ወደ 25 በመቶ ወርዷል። ይህ ፍርድ ቤት ግን ዕድሉ ከግማሽ በታች የነበረ ሰው ሐኪም እንደፈለገ ቢሆንበት መብት የለውም ማለት አይቻልም፤ የጠፋው ዕድል ራሱ ጉዳት ነው የሚለውን አመለካከት ተቀብሎ ጉዳዩ እንዲታይ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ይህንን መንገድ ሲከተሉ ሌሎቹ አልተቀበሉትም። ሁለት ታካሚዎች፣ ተቀራራቢ ቁጥር፣ ፈጽሞ የተለያየ ፍርድ።

ስለዚህ ቤተሰቡ ጠበቃ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ «ሐኪሙ ተሳስቷል ወይ?» ከሚለው አልፎ «በሽታው ያኔ ቢታወቅ ምን ይለወጥ ነበር?» የሚለው ነው። ደረጃው አንድ የነበረ የጡት ካንሰር ደረጃው አራት ሲሆን ከተገኘ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ሳይፈነዳ ይወጣ ነበር። ከመጀመሪያውም መድኃኒት የሌለው በሽታ ሁለት ወር ዘግይቶ ከታወቀ ግን፣ ስህተቱ የቱንም ያህል ቢያናድድ፣ ካሳ የማግኘቱ ነገር አጠራጣሪ ነው።

ይርጋ፦ አገር ሁሉ የራሱ ቆጠራ አለው

የላቨርን ታሪክ የኒውዮርክን ሕግ አስለውጧል። በጃንዋሪ 2018 የፀደቀውና በስሟ የሚጠራው ሕግ በካንሰር ምርመራ ስህተት ጉዳይ ቆጠራው ታካሚው ስህተቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ እንዲጀምር አደረገ፤ ከስህተቱ ቀን አንሥቶ ግን ከሰባት ዓመት ሊያልፍ አይችልም። ሕጉ የሚሠራው ለካንሰር ብቻ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወንዝ መሻገር ብቻ ቆጠራውን ይለውጠዋል። ቨርጂኒያ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ትሰጣለች። ዲሲ ሦስት ዓመት ነው። ሜሪላንድ ጉዳቱ ከደረሰ አምስት ዓመት ወይም ከታወቀ ሦስት ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚሞላውን ትይዛለች። እዚህ ላይ ስደተኞችን በተለይ የሚያጠምድ ነገር አለ። መድን የሌላቸውን ሰዎች የሚያክሙ በርካታ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በፌዴራል መንግሥቱ ሽፋን ሥር ናቸው። እነርሱን የሚመለከት አቤቱታ በሁለት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ቀጥታ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ክሱ ሊዘጋበት ይችላል። ጣቢያው በዚህ ሽፋን ሥር መሆን አለመሆኑን በበሩ ላይ ካለው ጽሑፍ መለየት አይቻልም፤ ጠበቃ ማጣራት አለበት።

በእንግሊዝ ሦስት ዓመት ሲሆን የሚቆጠረው ታካሚው ካወቀበት ጊዜ ነው፤ ለሕፃናት ቆጠራው የሚጀምረው 18 ዓመት ሲሞላቸው ነው። በእስራኤል መሠረቱ ሰባት ዓመት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል፤ ቆጠራውም የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ለካሳውም ያገለግላል። ክሱ በውል ላይ ሲመሠረት ደግሞ የይርጋ ክርክሩ ይለያል፤ ይህም ጠበቃን በጊዜ ለማማከር ሌላ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ሕግ አልባ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ከሳይንሱ ወይም ከተቀበሉት የሙያ ደንቦች አንጻር ጥፋት ከፈጸመ ተጠያቂ ያደርገዋል። ሕጉ ስለ ሕክምና ውልም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በዚህ ክፍል ሐኪም በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር በሽተኛውን ለማዳን ዋስትና እንደማይሰጥ፣ በሙያው ደንብ ላይ ጥፋት ከፈጸመ ግን ኃላፊ እንደሚሆን ተደንግጓል። የሕክምና ተቋሙም በሠራተኞቹ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። በመንግሥት ሆስፒታል ለተፈጸመ የሥራ ጥፋት ደግሞ አንቀጽ 2126 ተጎጂው መንግሥትን ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል።

የወንጀል ሕጉም በር ክፍት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል ማጉደልን ይቀጣል፤ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለባቸው እንደ ሐኪም ባሉ ሰዎች ላይ ቅጣቱ ይጠነክራል። አንድ ሐኪም በወንጀል ነፃ ስለተባለ የካሳ ጥያቄው ያበቃል ማለት ግን አይደለም። አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛው በወንጀል ችሎት ነፃ መባል እንደማይታሰር ይናገራል።

ሦስተኛው መንገድ የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው አቤቱታ ተቀብሎ፣ ካርዱን አስቀርቦ፣ የዘርፉን ስፔሻሊስቶች አስተያየት ጠይቆ፣ ጥፋት ካገኘ በባለሙያው ፈቃድ ላይ እርምጃ እንዲወሰድ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ካሳ አይሰጥም። ሆኖም ፖሊስና ፍርድ ቤቶች ሙያዊ አስተያየት ሲፈልጉ ወደ እርሱ ስለሚጽፉ፣ ግኝቱ በካሳ ክርክሩ ላይ ከባድ ሚዛን አለው።

እንቅፋቱ ከሕጉ ጽሑፍ ይልቅ በማስረጃውና በካሳው ላይ ነው። ዳኛው ሐኪም ስላልሆነ የባለሙያ ምስክር ያስፈልጋል። የአንድ ስፔሻሊቲ ሐኪሞች ቁጥር ጥቂት በሆነበት አገር ግን ምስክር የሚሆነው ሰው ብዙውን ጊዜ የተከሳሹ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ አስተማሪ ወይም ተማሪ ነው። በሞት ጉዳይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ቀብር በማግስቱ በሚፈጸምበት ባህል ቤተሰቡ የአስከሬን ምርመራን እንደ ሌላ ሞት ያየዋል። የአስከሬን ምርመራ ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ብቻ ይሠራ ስለነበር፣ ከክፍለ ሀገር አስከሬን ጭኖ መምጣት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነበር። ምክንያተ ሞቱ ሳይታወቅ ከተቀበረ በኋላ ደግሞ «የሞተው በዚህ ነው» ብሎ ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

ካሳውን በተመለከተ ሕጉ ለሕክምና ወጪ፣ ለቀረ ገቢ፣ ሟች ይረዳቸው ለነበሩት ቤተሰቦች መተዳደሪያ የጉዳቱን ያህል እንዲከፈል ይፈቅዳል፤ በትክክል ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ ይወስናል። ለኅሊና ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቧል። ገደቡ የተጻፈው አንድ ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ በነበረበት ዘመን ነው። ልጁን ላጣ ወላጅ ይህ ቁጥር ዛሬ ካሳ ሊባል አይችልም፤ ሕግ አውጪው ሊያስተካክለው የሚገባ ግልጽ ጉድለት ነው።

ክስ ከመታሰቡ በፊት

ጊዜ ስለማይጠብቅ የመጀመሪያው ሥራ ካርዱ ላይ ነው። በአሜሪካ ማንኛውም ታካሚ የሕክምና መዝገቡን ግልባጭ የማግኘት መብት አለው፤ ተቋሙም በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። በኢትዮጵያ የራጅና የሲቲ ፊልም፣ የላቦራቶሪ ወረቀት፣ የመድኃኒት ማዘዣና የሪፈር ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በታካሚው እጅ ስለሚቆይ አንዱም መጣል የለበትም። ተቋሙ የያዘውን ደግሞ የሕክምና ማስረጃ እንዲጽፍ በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል፤ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት ካርዱ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል።

ሁለተኛው የጊዜ ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ነው። ታካሚው በየትኛው ቀን የት ሄደ፣ ምን ተሰማኝ አለ፣ ማን አየው፣ ምን ታዘዘ፣ ምን ተባለ። ትዝታ ቶሎ ይደበዝዛል፤ አስታማሚው የሰማው ነገር በሳምንቱ ካልተጻፈ በዓመቱ አይገኝም። ሐኪሙ ተመለስ ባለው ቀን ታካሚው ሳይመለስ ቀርቶ ከሆነም ሳይደበቅ መጻፍ አለበት፤ ተከሳሹ የመጀመሪያ መከላከያ የሚያደርገው እርሱን ነው።

ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር በታካሚው ሕፃን ልጅ ማስተርጎምም አይፈቀድላቸውም። እናቱን ያስተረጎመው የ12 ዓመት ልጅ ከነበረ፣ ወይም አስተርጓሚ ተጠይቆ ካልመጣ፣ ይህ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ሊሰፍር የሚገባው ፍሬ ነገር ነው።

ሦስተኛው ከጉዳዩ ነፃ የሆነ ሁለተኛ ሐኪም ማየት ነው። መጀመሪያ ለጤናው ሲባል፣ ቀጥሎም «በጊዜው ቢታወቅ ምን ይለወጥ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት። ከዚህ በኋላ ነው ጠበቃው የሚመጣው። በአሜሪካ የዚህ ዘርፍ ጠበቆች ብዙውን ጊዜ ካሳው ከተገኘ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወስዳሉ፤ ካልተገኘ የድካማቸውን ዋጋ አይጠይቁም። ለባለሙያ ምስክሮች የሚወጣው ገንዘብ ትልቅ ስለሆነ ግን ጉዳቱ ቀላል የሆነ ጉዳይ የማሸነፍ ዕድል ቢኖረውም የሚይዘው ጠበቃ ላያገኝ ይችላል። ሜሪላንድን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች ክሱ ከመቀጠሉ በፊት የባለሙያ የምስክር ወረቀት እንዲቀርብ ያስገድዳሉ። በኢትዮጵያ የዳኝነት ክፍያ አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው።

ከክስ የሚገኘውና የማይገኘው

በ1994 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 227 ከሳሽ ታካሚዎችንና ዘመዶቻቸውን ለምን እንደከሰሱ ጠይቆ ነበር። ከመልሶቹ ጎልተው የወጡት አራት ነበሩ፤ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ፣ ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ፣ ካሳ ለማግኘት፣ ጥፋተኛው እንዲጠየቅ። ገንዘብ አንዱ ብቻ ነው። ክስ ደግሞ ከአራቱ በደንብ የሚሰጠው እርሱኑ ነው፤ እርሱንም ዘግይቶ። በ2006 በአሜሪካ 1,452 የተዘጉ የካሳ ጉዳዮችን የመረመረ ጥናት ከጉዳቱ እስከ መቋጫው በአማካይ አምስት ዓመት እንደሚወስድ፣ ለካሳ ከሚወጣው ከእያንዳንዱ ዶላር አንጻር 54 ሳንቲም ለጠበቆች፣ ለባለሙያዎችና ለፍርድ ቤት ወጪ እንደሚሄድ አሳይቷል።

ማብራሪያ ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ አጭር መንገድ አለ። ለሆስፒታሉ የሕክምና ዳይሬክተር ወይም ለቅሬታ ሰሚው ክፍል በጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብና መልሱንም በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጤና ተቋም ከ2001 ጀምሮ ስህተቱን ራሱ ለታካሚው የመንገር፣ ጥፋቱ የእርሱ ሲሆን ይቅርታ የመጠየቅና ካሳ የማቅረብ አሠራር ዘረጋ። በኋላ የተደረገ ጥናት በተቋሙ ላይ የሚቀርቡ ክሶች ከግማሽ በላይ መቀነሳቸውን አሳየ። በእንግሊዝም ከ2014 ጀምሮ የጤና ተቋማት ከባድ ጉዳት ሲደርስ ለታካሚው በግልጽ የመናገር የሕግ ግዴታ አለባቸው። የኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ይህን ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ካርዱን ከፍቶ የሆነውን የሚናገር ኃላፊ በቂ ነው።

ቅሬታ ማቅረብ ግን ይርጋን አያቆምም። ሆስፒታሉ «እያጣራን ነው» እያለ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ውሳኔ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ለመክሰስ የወሰነም፣ ገና ያልወሰነም ቤተሰብ የካርዱን ግልባጭ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያውጣ፤ ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ይጻፍ፤ ከዚያ ቀን ስድስት ወር ሳያልፍ የአገሩን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክር።